ከሌጌዎን እስከ ሌጂዮኔላ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በወጣትነቴ በባቡር የሚጫን ዕቃ እያጀብኩ ከድሬዳዋ ጅቡቲ እመላለስ ነበር። በዚያ ከተማ ነጭ ቆብ ደፍተው፣ በዚያ ሐሩር ሳይቸኩሉ የሚያልፉ የፈረንሳይ ወታደሮችን አይቼ ምን እንደሆኑ ስጠይቅ «ሌዥዮኔር ናቸው፤ ከየአገሩ የተሰባሰቡ ናቸው» ተባልኩ። ኋላ ወንጌል ሳነብ በማርቆስ ምዕራፍ 5 ርኩሱ መንፈስ «ስሜ ሌጌዎን ነው» ሲል አገኘሁትና ነገሩ ከነከነኝ። ዘንድሮ ደግሞ ዱባይ ሆቴል ውስጥ ክፍል የምታጸዳው ልጄ ስልክ ደውላ፣ እንግዳ ያላደረባቸውን ክፍሎች ሻወር በየሳምንቱ ከፍታ ውኃውን እንድታፈስስ መታዘዟን፣ ምክንያቱም «ሌጂዮኔላ» የሚባል ነገር መሆኑን ነገረችኝ። እነዚህ ሦስቱ አንድ ቃል ናቸውን? ከሆኑስ የወታደር ስም ከርኩስ መንፈስና ከበሽታ ጋር እንዴት ሊገናኝ ቻለ? (አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ክቡር አንባቢያችን፣ ሦስቱም አንድ ቃል ናቸው። ሆኖም በቃሉ የተጠሩት ሰዎች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ እንዲያውም ሮማውያን በሌጌዎናቸው ያሰለፉት ሰውና እርስዎ ጅቡቲ ላይ ያዩት ባለ ነጭ ቆብ በአንድ ዋና ነገር ተቃራኒ ናቸው። ጥያቄዎን ሰፋ አድርገን ለመመለስ የፈለግነውም ይህ መገለባበጥ ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል ስለሚታለፍ ነው። «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ቃሉ ላቲን ነው። «ሌጌሬ» መልቀም፣ መምረጥ ማለት ሲሆን ከዚሁ የወጣው «ሌጊዮ» በመጀመሪያ የምርጫው ስም ነበር፤ የሮም ዜጎች ተሰብስበው ለዘመቻ የሚበቁት ሲለዩ ያ ልየታ በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ኋላ የተመረጠው ሠራዊት ራሱ ስሙን ወረሰ። በወንጌል ዘመን ቃሉ ግሪክኛ ተናጋሪው ሕዝብ አፍ ውስጥ ገብቶ ስለነበር የሐዲስ ኪዳን ጸሐፊዎች ሳይተረጉሙ ተጠቀሙበት፤ ወደ እኛም የደረሰው «ሌጌዎን» ሆኖ በዚሁ መልኩ ነው።

የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን ቃሉን በሁሉም ቦታ እንዳለ አልተወውም። ጌታ በጌቴሴማኒ «ከአሥራ ሁለት ጭፍሮች የሚበዙ መላእክት» ሲል በግሪክኛው ላይ ያለው ያው ሌጌዎን ነው፤ ተርጓሚዎቹ እዚህ «ጭፍራ» አሉት። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ደግሞ ቆርኔሌዎስ «ኢጣሊቄ ለሚሉት ጭፍራ የመቶ አለቃ» ተብሏል፤ እዚያ በግሪክኛው ላይ ያለው የሌጌዎን አንድ አሥረኛ ያህል የሚሆነው ክፍል ስም ነው። እንግዲህ ጭፍራ የምትለው ቃላችን አንድ ጊዜ 5,000 ሰው፣ ሌላ ጊዜ 500 ሰው ተሸክማለች ማለት ነው። በማርቆስ ወንጌል ግን ተርጓሚዎቹ ባዕዱን ቃል መተዋቸው ትክክል ይመስለናል። «ብዙዎች ነንና ስሜ ሌጌዎን ነው» የሚለው ንግግር ኃይሉን የሚያገኘው አድማጩ የሮምን ጦር በዓይኑ ያየ በመሆኑ ነው፤ ርኩሱ መንፈስ ስሙን የወሰደው አገሩን ከያዘው ሠራዊት ነውና። በዚያ ዘመን በሶርያ ሰፍሮ የነበረውና ኋላ በ70 ኢየሩሳሌምን ከከበቡት አንዱ የሆነው አሥረኛው ሌጌዎን ከዓርማዎቹ አንዱ የዱር አሳማ ነበር፤ ከማርቆሱ ታሪክ ሁለት ሺህ ያህል እሪያዎች ጋር ያገናኙት ሊቃውንት አሉ። በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ እስከ ዛሬ «ሌጂዮን» የሚለው ቃል ስፍር ቁጥር የሌለው ብዛት ማለት የሆነው ከዚህችው የወንጌል ጥቅስ የተነሣ ነው።

አሁን ወደ ሰውየው እንምጣ። በአውግስጦስ ቄሣር ዘመን አንድ ሌጌዎን ከ5,000 ሰው ብዙም የማይርቅ ጦር ነበር። በአሥር ታላላቅ ክፍሎች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል እንደ ደንቡ ስድስት «መቶዎች» ሲኖሩት፣ መቶ የሚባለው ግን በተግባር 80 ሰው ነበር። ከሁሉ የሚያንሰው ማኅበር የድንኳን ጓደኛሞቹ ነው፤ ስምንት ሰው አንድ የቆዳ ድንኳን፣ አንድ የእጅ ወፍጮና አንድ በቅሎ ይጋራል። ስንዴ በጥሬው ይታደላቸዋልና ሲመሽ ፈጭተው፣ አቡክተው፣ ጋግረው የሚበሉት ወታደሮቹ ራሳቸው ናቸው። በአገራችን የድሮ ዘመቻ ስንቁን ይፈጩና ያዘጋጁ የነበሩት አብረው የሚዘምቱት ሴቶች ነበሩና፣ ይህ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ ነገር ነው። የሮም ወታደር ግን በአገልግሎት ላይ ሳለ በሕግ ማግባት አይፈቀድለትም ነበር፤ ክልከላው የላላው በ197 በንጉሠ ነገሥቱ ሴፕቲሚዮስ ሴቬሩስ ዘመን ነው። ቤተሰብ አልነበረውም ማለት ግን አይደለም፤ ሚስቱና ልጆቹ ከሰፈሩ አጥር ውጭ ያለ ሕጋዊ መብት ይኖሩ ነበር።

የዓመት ደመወዙ 225 ዲናር ሲሆን፣ ከዚያው ላይ የልብሱ፣ የመሣሪያውና የድንኳኑ ሒሳብ ይቆረጥበት ነበር። አውግስጦስ በሞተ በ14 በዳኑቤ አካባቢ የሰፈሩ ሦስት ሌጌዎኖች ሲያምፁ ካቀረቡት አቤቱታ አንዱ ይኸው ነው። ታሪክ ጸሐፊው ታሲተስ በዚያ አመፅ ስለተገደለ ሉኪሊዮስ ስለሚባል የመቶ አለቃ ሲነግረን፣ ወታደሮቹ ያወጡለት ቅጽል ስም «ሌላ አምጡ» የሚል እንደ ነበር ይጽፋል፤ የመቶ አለቃነቱ ምልክት የሆነውን የወይን ግንድ በትር በወታደር ጀርባ ላይ ሰብሮ ሲጨርስ ሌላ፣ እንደገና ሌላ እያለ ይጮኽ ስለነበር ነው። ስለ ሮም ሥርዓትና ድል የሚያወሩ ጽሑፎች ሁሉ ይህን በትር ባይረሱ መልካም ነበር።

በእርግጥ ከወታደሮቹ የራሳቸው እጅ የወጣ ቃልም አለን። በግብፅ ካራኒስ በምትባል መንደር በአንድ ቤት ደረጃ ሥር የተገኙ የፓፒሩስ ደብዳቤዎች ክላውዲዮስ ቴሬንቲያኖስ የሚባል ወጣት በ2ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለአባቱ ለቲቤሪያኖስ የጻፋቸው ናቸው። ልጁ መጀመሪያ የገባው በመርከብ ኃይል ውስጥ ነበር፤ ያ ደግሞ ከምድር ጦሩ ያነሰ ክብር ያለው ነው። አባቱን ጎራዴ፣ ካባ፣ ጦርና ሌላም ዕቃ እንዲልክለት ይለምናል፤ ከዚያም ወደ ተሻለ ክፍል ለመዛወር ተስፋ እንዳለው፣ ነገር ግን እዚያ ያለ ገንዘብ አንዳች ነገር እንደማይሆን፣ ሰው ራሱን ካልረዳ የምክር ደብዳቤም ዋጋ እንደሌለው ይጽፋል። በሌላ ደብዳቤው ከሌጌዎን ገብቶ እናገኘዋለን። ይህን ያህል የተመኘበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሌጌዎን የሮም ዜጋ ለሆነ ሰው ብቻ የተከፈተ በር ነበር። ዜጋ ያልሆነው የሚገባው ረዳት ጦር ውስጥ ሲሆን፣ 25 ዓመት አገልግሎ ሲሰናበት ዜግነቱ በነሐስ ሠሌዳ ተቀርጾ ይሰጠው ነበር። ስለዚህ በሮም ሌጌዎናዊ ማለት በትርጉሙ የአገሩ ልጅ ማለት ነው።

ይህ ጦር ወደ እኛ አቅጣጫ ምን ያህል ቀርቦ እንደ ነበር የሚያሳይ ድንጋይም አለ። በቀይ ባሕር ደቡብ፣ ከኤርትራ ጠረፍ ማዶ በሚገኙት የፋራሳን ደሴቶች የተገኘ የላቲን ጽሑፍ መቀመጫው ግብፅ የሆነው ሁለተኛው የትራያን ሌጌዎን በ144 ገደማ እዚያ ወታደር አስፍሮ እንደ ነበር ይመሰክራል። አክሱም የምትነግድበት አዱሊስ ከዚያ ማዶ ነበረች። ሰፈሩ ፈርሶ ስሙ የቀረባቸው ቦታዎችም ብዙ ናቸው፤ የስፔኗ ሌዮን ከተማ ስሟ ከአንበሳ የመጣ ቢመስልም በእርግጥ የሰባተኛው ሌጌዎን ሰፈር ናት፤ በዌልስ ያለችው ካርሊዮንም የሌላ ሌጌዎን ሰፈር ነበረች።

መገለባበጡ የመጣው ከሮም ውድቀት ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሮምን ስሞች መልሶ ማንሣት በተወደደበት ጊዜ፣ ከመደበኛው ሠራዊት ውጭ የሚቋቋሙ የበጎ ፈቃደኞችና የስደተኞች ጦሮች ሌጂዮን መባል ጀመሩ። አገራቸው የተከፋፈለችባቸው ፖላንዳውያን በ1797 በኢጣሊያ በፈረንሳይ ሥር የመሠረቱት ጦር፣ በ1803 ደግሞ ከሃኖቨር የተሰደዱ ጀርመኖች በእንግሊዝ ንጉሥ ሥር የቆሙበት ጦር በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። ናፖሊዮን በ1802 ያቋቋመው የክብር ሌጂዮን ኒሻንም ከዚሁ የሮም ፍቅር የወጣ ነው፤ ኒሻኑን የተቀበሉት ሁሉ እንደ አንድ ጭፍራ እንዲቆጠሩ ታስቦ ነበርና። እንዲህ እያለ ቃሉ ከዜጋው ወደ እንግዳው ተሻገረ።

የጅቡቲዎቹ ነጭ ቆቦች አባት የሆነው የፈረንሳይ የውጭ ዜጎች ሌጂዮን የተቋቋመው ማርች 10 ቀን 1831 በንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ ትእዛዝ ነው። ከ1830ው አብዮት በኋላ ፈረንሳይ በስደተኞችና ከፈረሱ የባዕድ ክፍለ ጦሮች በተበተኑ ወታደሮች ተሞልታ ነበር፤ በአልጀሪያ ደግሞ ጦርነት ጀምራለች። መንግሥቱ ሁለቱን ነገር በአንድ ሕግ ፈታው፤ እነዚህን ሰዎች በአንድ ጦር ሰብስቦ ከፈረንሳይ ምድር ውጭ ብቻ እንዲያገለግሉ አደረገ። የመነሻው ሐሳብ ርኅራኄ እንዳልነበረ መናገር ይገባል፤ ቢሞቱ የሚያለቅስላቸው መራጭ ሕዝብ የሌላቸው ሰዎች ነበሩና። ሌጂዮኑ ከዚያ ተነሥቶ የራሱን ክብር የሠራው ራሱ ነው።

ያ ክብር የሚቆጠረው በሜክሲኮ ካሜሮን በተባለች ስፍራ ኤፕሪል 30 ቀን 1863 ከተደረገው ውጊያ ጀምሮ ነው። ሻምበል ዳንዡ ከሌሎች ሁለት መኮንኖችና ከ62 ወታደር ጋር ሆኖ ወደ ፑዌብላ የሚጓዝ የጦር ዕቃ መንገድ ሲጠብቅ፣ ወደ 2,000 የሚጠጋ የሜክሲኮ ጦር ከበበው። በአንድ የእርሻ ግቢ ውስጥ መሽገው ያለ ምግብና ያለ ውኃ እስከ ማታ ተዋጉ፤ ዳንዡ እኩለ ቀን ሳይደርስ ሞተ፤ በመጨረሻ ጥይት ያለቀባቸው ጥቂት ሰዎች ሳንጃ ሰክተው ወጡ። ዳንዡ ከዓመታት በፊት አልጀሪያ ውስጥ ጠመንጃ ፈንድቶ ግራ እጁን አጥቶ ነበርና በእንጨት የተሠራ፣ ጣቶቹ የሚታጠፉ እጅ ይጠቀም ነበር። ያ የእንጨት እጅ ኋላ ተገኝቶ ዛሬ በኦባኝ በሌጂዮኑ ዋና ሰፈር ይጠበቃል፤ በየዓመቱ በዚያው ቀን፣ በእኛ ሚያዝያ 22 መሆኑ ነው፣ ለዚህ ክብር የተመረጠ ሰው በሰልፈኛው ፊት ይዞት ያልፋል። የሚከበረው ሽንፈት መሆኑን ልብ ይሏል።

ያዩት ነጭ ቆብ ለገባ ሁሉ አይሰጥም። አመልካቹ ውሉን ለአምስት ዓመት ይፈርማል፤ በደቡብ ፈረንሳይ ካስተልኖዳሪ በተባለች ከተማ አራት ወር ያህል ሲሠለጥን ፈረንሳይኛ የማያውቀው ቋንቋውን እዚያው ይማራል፤ ቆቡን የሚደፋው ረጅሙን የእግር ጉዞ ከፈጸመ በኋላ ነው። «ሳይቸኩሉ የሚያልፉ» ያሏቸውም እውነት ነው፤ የሌጂዮኑ ሰልፍ በደቂቃ 88 እርምጃ ብቻ ሲሆን የሌላው የፈረንሳይ ጦር 120 ይራመዳል። ሦስት ዓመት ያገለገለ ሰው የፈረንሳይ ዜግነት ሊጠይቅ ይችላል፤ በ1999 የወጣው ሕግ ደግሞ በውጊያ ለቆሰለው ይህን መብት አቃልሎለታል። የሮምን ረዳት ጦርና የነሐስ ሠሌዳውን ያስታውሷል። በጅቡቲ ጎዳና ያዩት ሰው በስሙ ሌጌዎናዊ ይሁን እንጂ በኑሮው የሚመስለው በሌጌዎን ውስጥ መግባት ያልተፈቀደለትን የሮም ረዳት ወታደር ነው።

ጅቡቲ ላይ የነበረው ክፍል 13ኛው ግማሽ ብርጌድ የሚባለው ነው፤ ለእኛም ታሪክ ሩቅ አይደለም። በ1940 ተመሥርቶ በኖርዌይ ናርቪክ ከተዋጋ በኋላ ፈረንሳይ ስትወድቅ ከፊሉ የጄኔራል ደ ጎልን ወገን ያዘ። በቀጣዩ ዓመት በኮሎኔል ሞንክላር መሪነት ኤርትራ ገብቶ በከረን ግንባር ከእንግሊዞች ጋር ሆኖ ኢጣሊያን ወጋ፤ ምፅዋ መጋቢት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ስትያዝ ከገቡት ጦሮች አንዱ ነበር። አዲስ አበባ ከኢጣሊያ እጅ ከወጣች ሁለት ቀን መሆኑ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን ሊገቡ አንድ ወር ገደማ ሲቀር። የአርበኞቻችን ታሪክ ሲጻፍ እነዚህ አገር የለሽ ወታደሮች አንድ አንቀጽ ቢያገኙ ይገባቸዋል እንላለን፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ በፋሺዝም ምክንያት ከየአገራቸው የተሰደዱ ስፔናውያንና መካከለኛ አውሮፓውያን ነበሩና። ከአልጀሪያ ነፃነት በኋላ ክፍሉ በ1962 ጅቡቲ ሰፍሮ እስከ 2011 ቆየ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ድንበር ተሻግረው ጅቡቲ የገቡትን የኢትዮጵያ ወታደሮች ትጥቅ ካስፈቱት የፈረንሳይ ኃይሎች መካከልም ነበር። ያን ቀን መሣሪያቸውን ለነጭ ቆብ ያስረከቡ አባቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ።

ከአዲስ አበባ የጻፉልን ሌላ አንባቢ «ታዲያ እነዚህ ቅጥረኛ ወታደሮች አይደሉምን?» ብለው ጠይቀውናልና እዚሁ እንመልስላቸው። በሕግ አይደሉም። በ1977 በጄኔቫ ስምምነቶች ላይ የተጨመረው የመጀመሪያው ፕሮቶኮል የአንድ ተዋጊ መንግሥት መደበኛ ሠራዊት አባል የሆነውን ሰው ከቅጥረኛ አይቆጥረውም፤ ሌጂዮኑ ደግሞ በፈረንሳይ መኮንኖች የሚመራ የፈረንሳይ ጦር አካል ነው። ሰዎቹ ለምን እንደሚገቡ ከተጠየቀ ግን ደመወዝም፣ ስደትም፣ አዲስ ስምና አዲስ ሕይወት መፈለግም አለበት፤ ሁሉንም በአንድ ቃል መፈረጅ አይቻልም።

እንግድነቱ በቃሉ ላይ ምን ያህል እንደ ተጣበቀ ለማየት ስፖርት ይበቃል። በሩሲያ ሊግ የሚጫወት የውጭ አገር ተጫዋች ሌጊዮኔር ይባላል፤ በጀርመንኛ ጋዜጦች ደግሞ ከአገሩ ወጥቶ በሰው አገር ሊግ የሚጫወተው በዚህ ስም ይጠራል። ሮማዊው ቢሰማ ግራ በገባው ነበር።

በሽታው ግን ስሙን ያገኘው ከሌላ ወገን ነው። በ1919 ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ አሜሪካውያን የመሠረቱት የአሜሪካ ሌጂዮን የሚባል የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር አለ፤ አባላቱ ሌጂዮነር ይባላሉ። የፔንሲልቫኒያ ግዛት አባላቱ ሐምሌ 1968 ዓ.ም. በፊላደልፊያ፣ ቤልቪው ስትራትፎርድ በተባለው ታላቅ ሆቴል ጉባኤ ካደረጉ በኋላ ወደየቤታቸው ተመልሰው በከባድ የሳንባ ምች ይወድቁ ጀመር። በጠቅላላው 221 ሰዎች ታመው 34 ሞቱ፤ ከጉባኤው ያልነበሩ፣ በሆቴሉ ደጅ ያለፉም ነበሩባቸው። ምክንያቱ ለወራት ስላልታወቀ አገሪቱ በፍርሃት ተዋጠች። በጥር 1977 የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ባልደረባ የሆኑት ጆሴፍ ማክዴድ ቀደም ሲል ያዩትን ናሙና ተመልሰው መርምረው ያልታወቀ ባክቴሪያ ማግኘታቸው ተነገረ። በተለመደው የላቦራቶሪ ምግብ ላይ የማይበቅል፣ በዶሮ እንቁላል ውስጥ ግን የሚያድግ ፍጥረት ነበር። ሌጂዮኔላ ተባለ፤ በሽታው በሟቾቹ ስም ተጠራ ማለት ነው። ይህ አሰያየም ልክ እንዳልሆነ እናምናለን፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 ባወጣው መመሪያ ለአዲስ በሽታ የአንድ ሙያ ወይም ማኅበር ሰዎችን ስም መስጠት እንዲቀር ሲመክር ይህንኑ ስም በምሳሌነት ጠቅሷል።

ልጅዎ የታዘዘችው ነገር ትክክለኛ ነው። ባክቴሪያው ለብ ባለና በቆመ ውኃ፣ በተለይ ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይራባል፤ ሰውን የሚይዘውም የውኃው ጉም በሳንባ ሲሳብ ነው። በባሕረ ሰላጤው ሙቀት የቀዝቃዛው ቧንቧ ውኃ ሳይቀር ይሞቃልና፣ ለሳምንታት ያልተከፈተ ሻወር ሲከፈት የመጀመሪያው ርጭት አደገኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስትከፍተው የሻወሩን ራስ በባልዲ ውስጥ አስገብታ ወይም በጨርቅ ሸፍና፣ ውኃው እንዳይረጭ ቀስ ብላ ትክፈተው፤ ከዚያም በር ዘግታ ወጥታ ለጥቂት ደቂቃዎች ይፍሰስ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል ተብሎ አይሰጋምና ከታመመ ባልደረባ ጋር መኖርን አትፍራ። እርሷ ራሷ ግን ሻወር ካፈሰሰች በኋላ ከሁለት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ትኩሳት፣ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ከተሰማት፣ የሆቴል ሻወር እንደምታፈስስ ለሐኪሟ አስቀድማ ትንገረው። ፔኒሲሊን ለዚህ ባክቴሪያ አይሠራም፤ ሐኪሙ ከጠረጠረ ግን በሽንት ምርመራ ለይቶ የሚያድናትን ሌላ አንቲባዮቲክ በጊዜ ሊያዝላት ይችላል።